በጾም የተለካ ጭንቅላት

ባለቤቴ ስኳር በሽታ አለባት፤ እኔ ደግሞ ፓርኪንሰን የሚሉት አለብኝ። የሷ በሽታ ዓይኗን ጋረደው፣ የኔ እጄን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ኢንሱሊኗን ጠዋት ጠዋት የምትወጋው ሁለታችን ተጋግዘን ነው። መውጊያው እንደ እስክሪብቶ ያለ ነገር ነው። ጫፉ ላይ ያለውን ሲያዞሩት ጎኑ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ቁጥር ይወጣል። እሷ ታዞራለች፣ እኔ አነባለሁ። አስራ ስምንት ላይ ሲደርስ «በቃ» እላታለሁ። ከዚያ ሆዷን ቆንጠጥ አድርጋ ራሷ ትወጋዋለች። እጅ ከሷ፣ ዓይን ከኔ። «ሁለት ስንኩል ተደምሮ አንድ ደህና ሰው ይወጣዋል» እያለች ትስቃለች።

ቁጥሩ ቢሳሳት ግን ሳቅ የለም። ኢንሱሊን ሲበዛ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ይወድቃል፤ ሳይነሳ የሚቀርም አለ። ነርሷ ስታስተምረን ይህንን አስረግጣ ነግራናለች። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ስልክ ቢጮህም አይነሳም።

ኦክላንድ ከገባን ብዙ ዘመናችን ነው። በሱዳን አድርገን መጣን፣ ታክሲ ነዳሁ፣ ከዚያ የኤርፖርት ሻትል ነዳሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት መጀመር ነው፤ ዳዊቱንም ሳልጨርስ ነው የተውኩት። እንግሊዝኛውን ከተሳፋሪ ነው የለቀምኩት። ያለችን አንዲት ሴት ልጅ ናት። ቤቷ ሳን ሆዜ ነው፣ ሥራዋ ኩፐርቲኖ።

ልጃችን ስለ ጭንቅላቴ መጨነቅ የጀመረችው በባቡር ምክንያት ነው። አንድ እሁድ ከዳውንታውን ኦክላንድ ባርት የሚሉትን ባቡር ተሳፍሬ ወደሷ መሄድ ሲገባኝ በተቃራኒው ወደ ሪችመንድ ሄድኩ። መስመሩ አንድ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው፣ ማንም ይሳሳታል። እኔን ያስደነገጠኝ መሳሳቴ አይደለም። መጨረሻው ጣቢያ ደርሰን ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ እኔ በመስኮት እያየሁ፣ ሳን ሆዜ ምነው እንዲህ ተለወጠች እያልኩ ተቀምጬ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ የምታውቀው አቅጣጫ መሳቴን ብቻ ነው፤ እሱም በቃት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ፈርስት ታይም አይደለም» አለችኝ።

«እኔ በዚህ ከተማ ታክሲ ስነዳ አንቺን መንገድ የማሻግርሽ እጅሽን ይዤ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔ የማወራው ስለ አሁን ነው።»

ያሰበችው እንዲህ ነው፤ እኛ የኦክላንዱን አፓርትመንት እንለቃለን፣ ሳን ሆዜ እሷ ቤት ምድር ቤት ያለችው ክፍል እንገባለን፣ ለእናቷ ጠዋት ጠዋት ነርስ ትመጣለች። እኔ ኢንሱሊን ማንበቤን እተዋለሁ። «ስትሬሱ ይቀርልዎታል» አለችኝ። ለክፉ አላሰበችውም። እኔ ግን ያላየችውን አያለሁ። ባለቤቴ በዚህ ቤት ውስጥ የምታየው በእጇ ነው። የጨው ዕቃ የት እንዳለ፣ ምድጃው የቱ ጋ እንደሚበራ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ የት እንደሚነሳ እጇ ያውቀዋል። ሽንኩርት ስትከትፍ ያያት ሰው ዓይኗ ታመመ ቢሉት አያምንም። ከዚህ ቤት የወጣች ቀን ነው ያን ጊዜ በእውነት የምትታወረው። እሷም ታውቀዋለች። «ሳን ሆዜ ስገባ እንደ ቦርሳ አንድ ቦታ ታስቀምጡኛላችሁ፤ የፈለገኝ ሰው መጥቶ ያነሳኛል» ትላለች።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በኔ ጭንቅላት ላይ ነበር። ጭንቅላቴ ደህና ከሆነ እዚህ እንኖራለን፤ ካልሆነ እንሄዳለን።

የነርቭ ሐኪሜ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ሴት ናት። አንድ ቀን ወረቀት ሰጥታኝ ሰዓት ሳል አለችኝ። በዚህ እጄ የሳልኩት ሰዓት የተረገጠ እንቁላል መሰለ። ቀጥላ የእንስሳት ስም ጥራ አለችኝ፤ ያን ጠራሁ። ከመቶ ላይ ሰባት እየቀነስክ ውረድ አለችኝ፤ ወረድኩ፣ እመሃል ላይ ጠፋኝ። ሐኪሟ ወረቀቷን አስቀመጠችና፣ ይሄ ፈተና ብዙ ትምህርት ቤት ላልቆየ ሰው ሚዛኑ ትክክል ላይሆን ይችላል አለች። ያን ጊዜ ነው ስለ ሌላ ምርመራ ለኔና ለልጄ የነገረችን።

አንጎል በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው አለች። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጸጥ ሲል ከማጅራቱ ከፍ ብሎ የሚመላለስ ሞገድ አለ። ፓርኪንሰን ባለበት ሰው ላይ ያ ሞገድ እየዘገየ ከመጣ፣ አእምሮው እየደከመ እንደሆነ ወይም ወደፊት እንደሚደክም ምልክት ሊሆን ይችላል። ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው፤ ብቻውን አይፈርድም፤ ከሌላው ጋር አብሮ ነው የሚታየው። ይህን ሁሉ ብላለች። እኔ ግን ልቤ ላይ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ ይሄ ማሽን ስንተኛ ክፍል ደረስክ ብሎ አይጠይቅም። ደስ አለኝ። «ነገ ይሁን» አልኩ። ነገ አልሆነም፤ ቀጠሮው ሁዳዴ ውስጥ ወደቀ።

ስለ ሁዳዴ ልናገር። ጾሙ ሲገባ የንስሐ አባቴ ጠርተውኝ ነበር። በዕድሜ ከኔ ያነሱ ናቸው፤ ግን ልጄ ይሉኛል፣ ደንቡ ነው። «አንተ ታማሚ ነህ ልጄ። ሥጋውንና ወተቱን ጹም፣ ሰዓቱ ግን ይቅርብህ። መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ፣ በላዩ ላይ ቅመስበት» አሉኝ። «እሺ አባ» አልኩ። አልኩና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። የጠዋቱን ክኒን ከዘጠኝ በኋላ ከከሰዓቱ ጋር እውጠዋለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ እጄን ቁም ስለው አይቆምም፣ እግሬን ሂድ ስለው መሬት ላይ ይጣበቃል፣ ምላሴ እንኳ አንዳንድ ቀን ይጎተትብኛል። የሚታዘዘኝ ሆዴ ብቻ ነበር። ቆይ ስለው ይቆያል። ይህችን ደግሞ ለክኒን አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ነው።

ከክሊኒኩ ደውለው ለምርመራው እንዴት እንደምመጣ ነግረውኛል። ደህና ተኛ፣ ፀጉርህን ታጠብ፣ ቅባት አትቀባ፣ ቁርስ ብላ፣ መድኃኒትህን እንደ ወትሮው በሰዓቱ ዋጥ። ሰምቻለሁ። ታጠብኩ። ቅባቱንም ተውኩ። ሌላውን ግን አላደረግሁም። ጭንቅላት ነው የሚለኩት፣ ሆዴ ምን አገባው አልኩ። ከዚያም ብሶ በማለዳ ተነስቼ ጸሎት ላይ ቆሜ ነበር የሄድኩት።

ለምርመራው ጭንቅላቴ ላይ ቆብ የምታጠልቀው ፊሊፒኖ ሴትዮ ናት፤ ሁሉንም ሽማግሌ ፓፓ ትላለች። ቆቡ የዋናተኛ ቆብ ይመስላል፤ ዙሪያውን ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ከየቀዳዳው ሽቦ ይወጣል። በየቀዳዳው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቀዝቃዛ ዝልግልግ ነገር ትጨምርበታለች። ከግንባሬ ወደ ጆሮዬ ወረደ።

«ፓፓ፣ ዓይን ጨፍን» አለችኝ። ጨፈንኩ። «ግለጥ።» ገለጥኩ። «እንደገና ጨፍን። አትተኛ፣ ፓፓ።»

«አልተኛሁም።»

«ተኝተሃል። እዚህ ስክሪኑ ላይ አየዋለሁ። እጅህም ይታየኛል፣ ጭንህ ላይ አስቀምጠው።»

እጄን በእጄ ያዝኩት፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይንቀጠቀጡ ጀመር። እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ክፍሉ ይሞቃል፣ ወንበሩ ይመቻል። ክኒኑን ሳልወስድ የዋልኩበት ቀን ሰውነቴ እንደ እርጥብ ሊጥ ነው የሚሆነው። ዓይን ጨፍን ባለችኝ ቁጥር ወደ ታች እሰምጣለሁ፣ ፓፓ ትለኛለች፣ ብቅ እላለሁ። ስንጨርስ በፎጣ ጠረገችልኝና «ደህና ሁን» አለችኝ። በቃ ይኸው ነው ብዬ ወጣሁ።

ውጤቱን ልንሰማ ከልጄ ጋር ሄድን። ሐኪሟ ስትናገር ልጄ ትተረጉማለች፤ ልጄ ስትተረጉም ደግሞ ማር ትቀባበታለች። ሐኪሟ ብዙ ተናገረች። ልጄ «ኖት ባድ ነው አባዬ፣ ትንሽ ብቻ ስሎው ነው» አለችኝ። አንገቷ ግን ቀልቶ ነበር።

«ለሰውየው ደውሉልኝ» አልኩ። ሰውየው የስልክ አስተርጓሚው ነው፤ የት አገር እንደሚቀመጥ አላውቅም፣ ድምፁ የልጅ ድምፅ ነው፣ ጌታዬ እያለ ያወራል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ጌታዬ፣ ዶክተሯ የሚሉት፣ ከኋላ ያለው ሞገድ በርስዎ ዕድሜ ካለ ሰው ከሚጠበቀው በግልጽ የዘገየ ነው። ፓርኪንሰን ባለበት ሰው ይህ ሲታይ የማስታወስና የማመዛዘን ችሎታ እየቀነሰ መሄዱን ሊያመለክት ይችላል። ዶክተሯ በቤት ውስጥ ኃላፊነት የሚጠይቅ ሥራ ካለ ሌላ ሰው ቢያግዝ ጥሩ ነው ይላሉ።»

«ኢንሱሊኑን ነው የምትለው?»

ጠየቃት። «አዎ ጌታዬ፣ እሱንም ጨምሮ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ጠዋት ሌክ ሜሪት የሚሉትን ሐይቅ ስዞር፣ ከሰዓት ደግሞ ስዞር ዋልኩ። እግሬ እየተጎተተ፣ ዳክዬው ሁሉ እየቀደመኝ። ቤት ስገባ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ባለቤቴ «ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፤ ንፋስ ሆንክብኝ» ትለኛለች። ልጄ በዚያው ሳምንት እሷ ቤት የመታጠቢያ ቤት መያዣ እጀታ አሰቀለች፣ አልጋ አዘዘች፣ የክፍሉን ቀለም ለእናቷ በስልክ ልትነግራት ሞከረች። እናቷም «ለኔ ቀለም ምን ያደርግልኛል የኔ ልጅ፣ ስፋቱን ንገሪኝ» አለቻት። ከዘጋች በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ ወንበሩን፣ የወንበሩን ክንድ፣ ግድግዳውን ዳሰሰች።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን ሳልበላ ነው የሄድኩት። ክኒኑን አልዋጥኩም። እንቅልፍ ይዞኝ ነበር። ምናልባት የዘገየው ሞገድ የኔ አይደለም፣ የጾሜ ነው። ይህን ብናገር ምርመራው ይደገምልኛል። ግን ብናገር ልጄ ምን ትላለች? ብሉ ተብለው ሳይበሉ፣ ዋጡ ተብለው ሳይውጡ ከሄዱ፣ እንግዲያ የርስዎ ነገር አይታመንም ትላለች። ብናገርም ሳን ሆዜ፣ ባልናገርም ሳን ሆዜ። እንዲህ ሆኜ ነው ሐይቁን የምዞረው።

ባለቤቴ ናት የጀመረችው። ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ምሳ አልበላም፣ እሷ ትበላለች፣ በሽታዋ አያስጾማትም።

«ያን ቀን በልተህ ነበር የሄድከው?» አለችኝ።

«የቱን ቀን?»

«አታውቀውም? እንግዲያ ማሽኑ እውነቱን ነው።»

«ተይኝ አንቺ ሴትዮ።»

«አልበላህም። ሰሃንህን ስነካው ደረቅ ነበር። ዓይኔ ነው የጠፋው፣ እጄ መቼ ጠፋ።»

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነዋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። አንተ ደግሞ ጾምህን ደብቀህ በሽታ አወጣህ። እስክታስብበት እኔ ጓዜን ጠቅልዬ ሳን ሆዜ ልግባልህ?»

የንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ። በሥራ ቀን ፓርኪንግ ነው የሚሠሩት፤ የመኪና ጩኸት ከጀርባቸው ይሰማል። እንዲህና እንዲህ አድርጌአለሁ አልኳቸው። «እኔ ፈትቼህ ነበር። ታዲያ የማንን ጾም ነው የጾምከው?» አሉኝ። መልስ ሳይጠብቁ «ዛሬውኑ ክኒንህን ዋጥና ለልጅህ ንገራት። ቆይ፣ መኪና መጣብኝ» ብለው ዘጉት።

ክኒኑን ዋጥኩ። ከዚያ ለልጄ ደወልኩላት። ሳላሳምር ነገርኳት። በመጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቁ ቆመ።

«አር ዩ ኪዲንግ ሚ፣ ዳድ? ክኒኑንም አልወሰዱም?»

«አልወሰድኩም።»

«በዚያ ቀን ብቻ?»

«ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ። እውጠዋለሁ፣ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።»

ድምጿ ዝቅ አለ። «ስለዚህ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ያለ መድኃኒት፣ በባዶ ሆድዎ፣ ለእማዬ ኢንሱሊን ሲያነቡላት ነበር?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ሳስብ የከረምኩት ስለ ማሽኑ ነው፣ ስለ ክፍሉ ነው፣ ስለ እልኬ ነው። ጠዋት እጄ እየዘለለ፣ ዓይኔ እየከበደኝ በዚያች መስኮት ሳይ የነበርኩት እኔ መሆኔን ልጄ ናት የነገረችኝ። ክፉ ነገር አልደረሰም፤ ባለቤቴ ደህና ናት። ያን ያደረገው ግን እግዚአብሔር ነው፣ እኔ አይደለሁም። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። «ሃሎ? አባዬ?» ትለኛለች። «አለሁ» አልኳት።

ለሐኪሟም ነገርናት፤ አልተቆጣችም። በሰውየው በኩል፣ መድኃኒት መዝለልም፣ አለመብላትም፣ እንቅልፍም ሞገዱን ሊያደፈርሱት ይችላሉ፤ የተደፈረሰ ውሃ ታች ያለውን አያሳይም፤ እንድገመው አለች። የውሃውን ነገር እሷ ትበለው ሰውየው ይጨምረው አላውቅም። ቀጠሮውን ከፋሲካ በኋላ አደረገችልኝ። ልጄም እስከዚያ ድረስ የአልጋውን ትዕዛዝ አስቆመችው፤ የመታጠቢያ ቤቱ እጀታ ግን ተሰቅሎ ቀረ።

በሁለተኛው ምርመራ ቀን የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግሁ። ደህና ተኛሁ። እንቁላል በዳቦ በላሁ፤ ባለቤቴ ሰሃኑን በጣቷ ነክታ አረጋግጣ ነው ያስወጣችኝ። ክኒኑን በሰዓቱ ዋጥኩ። ፊሊፒኖዋ «ፓፓ፣ ዛሬ ነቅተሃል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሞገዴን ላፈጥነው አስቤ መጥቻለሁ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ታክሲዬን አስነሳሁ። ከዳውንታውን ብሮድዌይን ይዤ ወጣሁ፣ ቴሌግራፍ ላይ ታጠፍኩ፣ መብራቱን ሁሉ በአረንጓዴ አለፍኩ፣ እስከ በርክሌይ በረርኩ።

«ፓፓ፣ ጥርስህን ነክሰሃል። ምን እያደረግህ ነው?»

«እየነዳሁ።»

«አቁመው መኪናውን። ምንም አታስብ።»

ምንም አለማሰብ ከባድ ሥራ ነው። አቆምኩት። ሞተሩን አጥፍቼ በጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ።

ውጤቱን ስንሰማ ከመጀመሪያው ለሰውየው ይደወል አልኩ። ልጄ አጠገቤ ናት፤ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች።

«ጌታዬ፣ ዶክተሯ የሚሉት፣ ከመጀመሪያው በጣም የተሻለ ነው።»

ልጄ እጄን ያዘች። እኔ ግን የሰውየውን ድምፅ ለምጄዋለሁ፤ አላለቀም።

«ነገር ግን ጌታዬ፣ አሁንም ከሚጠበቀው ትንሽ የዘገየ ነው። ይህ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም ይላሉ። እንደዚሁ የሚቆይ ሰው አለ፣ የሚቀጥል ሰው አለ። በየጊዜው እያየን እንከታተለዋለን ይላሉ።»

እንግዲህ የጾሙን ለጾሙ ሰጠን፤ የቀረው የኔ ነው ማለት ነው። ሳላውቀው አልቀረሁም። ሪችመንድ ላይ ባዶ ባቡር ውስጥ የተቀመጥኩ ቀን ጾም አልነበረም። ጠግቤ ነበር።

ሐኪሟ ጥያቄ አለህ ወይ አለችኝ። አለኝ አልኩ። «የተሳሳትኩ ቀን አውቀዋለሁ?»

ሰውየው ተረጎመው። ሐኪሟ ወንበሯን ወደኔ ሳበች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቸኩል አየኋት። መልሱ አጭር ነበር።

«አንዳንድ ጊዜ ያውቁታል ጌታዬ። ብዙ ጊዜ ግን ከታማሚው ከራሱ በፊት የሚያውቀው አጠገቡ ያለ ሰው ነው።»

አመሰገንኩ። ስልኩን ዘጉት። አጠገቤ ያለችው ሴት ቁጥር አታይም። እኔ አስራ ስምንት ካልኳት አስራ ስምንት ነው፤ እጇ አይጠይቅም፣ ይወጋል። ተሳስቼ ብናገር ከሁለታችን ማንም አያውቅም ማለት ነው።

ልጄ ወደ ኦክላንድ በመኪናዋ እየወሰደችኝ ነበር። መንገዱ ተጨናንቋል፤ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ሬዲዮ አልከፈተችም። እኔ እጄን ጭኔ ስር አድርጌ አንዴ ወደ ውጭ አንዴ ወደሷ አያለሁ።

«ጠዋት ጠዋት ትደውይልኛለሽ» አልኳት።

«ለምን?»

«በቪዲዮ። ቁጥሩን እኔ መጀመሪያ አነባለሁ፣ አንቺ ቀጥለሽ በስልኩ አይተሽ ታነቢያለሽ። ሁለታችን አንድ ካላልን እናትሽ አትወጋም።»

ከፊታችን ያለው መኪና ጥቂት ሄደ፤ እሷ አልሄደችም፣ ከኋላ ጡሩምባ ነፉባት። «ጠዋት እኮ ሚቲንግ አለኝ አባዬ።»

«ከሚቲንጉ በፊት።»

«እና አንድ ቀን ባይገጥምስ?»

«አንዴ ከሆነ ዓይን ነው፣ እጅ ነው፣ ይደገማል። ከተደጋገመ ግን ነይ ሳን ሆዜ ብለሽ አትለምኚኝም። እናትሽን ይዤ ራሴ እመጣለሁ።»

«ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ ምናምን አላውቅም። ብያለሁ።»

«ኦኬ» አለች። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ግን ክኒኑንም በቪዲዮ ነው የሚውጡት።»

«እሱን አልተነጋገርንም።»

«አሁን እየተነጋገርን ነው።»

ባለቤቴ ስትሰማ አፏን ይዛ ሳቀች። «ለኔ አንድ ሆድ ሁለት ዘበኛ?» አለች። ቀጥላ ግን ሳቋን አቆመችና ፊቷን ወዳለሁበት አዞረች። «አንተ ነህ ያልከው ወይስ እሷ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ማሽኑ በመጨረሻ ምን እንዳለ ያን ቀን አልጠየቀችኝም። ነገርኳት በኋላ፤ በቀጥታ ነው የነገርኳት።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። ስልኩን በኔ እጅ ብይዘው ቁጥሩ ይጨፍራል፤ ስለዚህ ከብርጭቆ ጋር ደግፌ አቆመዋለሁ። ልጄ ገና መኪናዋ ውስጥ ናት፣ ኩፐርቲኖ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ አቁማ። መጀመሪያ ክኒኔን ምላሴ ላይ አሳያታለሁ፣ ውሃ እጠጣበታለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ። ይህን በዚህ ዕድሜዬ ማድረግ ያናድደኛል፤ አደርገዋለሁ። ከዚያ ባለቤቴ መውጊያውን ታዞራለች፣ መስኮቷን ወደ ስልኩ ትይዛለች።

«አስራ ስምንት» እላለሁ።

ከዚያ ልጄ ዓይኗን ወደ ስልኩ ታስጠጋለች። ጸሐይ ይመታባታል፣ አንዳንድ ቀን ምስሉ ይቆማል፣ አንዳንድ ቀን የሻይ ጽዋዋን ታስቀምጣለች። እስካሁን አንድም ቀን አልተለያየንም። ቢሆንም እኔ ከተናገርኩበት እሷ እስክትናገር ባለችው ጊዜ ውስጥ መስኮቷን ደግሜ አያለሁ፣ አስራ ስምንት ነው፤ ደግሞ አያለሁ። ታክሲ ላይ ሳለሁ ሽጉጥ የያዘ ሰው ጭኜ አውቃለሁ፣ እንዲህ አልፈራሁም።

«አስራ ስምንት» ትላለች።

ባለቤቴ ሆዷን ቆንጥጣ መጠበቅ ሰልችቷታል። «ከተስማማችሁ ልወጋ?» ትላለች።

«ውጊ» እላታለሁ።